የራዚያ መጋዝ ምን ይጠጣል?

ራዚያ ሞተር መጋዟን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በሐይቅ ከተማ ገበያ መሃል ስታልፍ አላፏጨሁም የሚል ወንድ ካለ ውሸታም ነው፤ ሁሉም አፏጭቷል። «ኧረ ጉድ፣ ሴቱ ሁሉ ግንድ ጣይ ሆነ!» ያላለም የለም። አንዳንዱማ «ባል ብታጣ ማሽን አገባች» ብሎ ተርቷል። እሷ መልስ የምትሰጥ መሰላችሁ? ጂዳ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ ከዚህ የባሰ ሰምታ፣ ችላ፣ አሳልፋ የመጣች ሴት ናት። ሻሿን ጠበቅ፣ ቦት ጫማዋን ሳብ አድርጋ መንገዷን ትቀጥላለች። ሳምንት ሳይሞላ ያው ያፏጨው ሰውዬ ደጇ ቆሞ «ራዚያ፣ እባክሽ ያቺን ባህር ዛፍ ጣይልኝ» ይላል። ትጥልለታለች።

ቤቷ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ አምባሰል በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። እዚያ ከእናቷ ከእመት ሀውራና ከልጇ ከሪታጅ ጋር ትኖራለች። ሪታጅን ለእናቷ ትታት ጂዳ ስትሄድ ልጅቱ ሁለት ዓመቷ ነበር። ስትመለስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በር ላይ ቆማ አገኘች። ልትስማት ስትጠጋ ልጅቱ ወደ አያቷ ቀሚስ ሸሽታ፣ «አክስቴ፣ እናቴ እኮ ጂዳ ናት» አለቻት። ይኼን ነገር ራዚያ ለማንም አውርታው አታውቅም። ያን ቀን ግን ጓሮ ገብታ አለቀሰች፤ አልቅሳ ስታበቃም፣ ወላሂ ከእንግዲህ ከዚህች ልጅ የሚለየኝ ሞት ብቻ ነው ብላ ማለች።

መሐላ ብቻውን ደግሞ እንጀራ አይሆንም። ከጂዳ ባመጣችው ጥሪት መጀመሪያ ሱቅ ልትከፍት አስባ ነበር። ዞር ዞር ብላ ስታይ ግን ሐይቅ ውስጥ ከሰዉ ሱቁ ሊበልጥ ምንም አልቀረውም። በዚያ ላይ ከተማው ቤት ይሠራል፣ ዳገቱ ሁሉ ባህር ዛፍ ነው፤ ሞተር መጋዝ ያለው ሰው ግን ከደሴ ተጠርቶ፣ ያውም ተለምኖ ነው የሚመጣው። ይኼኔ ራሷ ደሴ ሄዳ አንድ ቀይ ማሽን ገዝታ መጣች። ከማሽኑ ጋር የአንድ ዓመት የጋራንቲ ወረቀትና ደብተር የምታህል መመሪያ መጽሐፍ ተሰጣት።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሰዉ ምን እንደሚያደርገው ይታወቃል፤ በርበሬ ይጠቀልልበታል። ራዚያ ግን አነበበችው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ በቻይንኛና በዓረብኛ የተጻፈ ነው። እሷ በልጅነቷ ቁርአን ቀርታለች፣ ንግግሩን ደግሞ ጂዳ ተምራዋለች። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች አንድ ወር ሙሉ ቀራችው። ያልገባትን ቃል ጂዳ ለቀረች ጓደኛዋ በድምፅ እየላከች ትጠይቅ ነበር፤ ጓደኛዋም «ሰው ቁርአን እስከ መጨረሻው ቀርቶ ያኸትማል፣ አንቺ የመጋዝ ኪታብ ልታኸትሚ ነው?» እያለች ትስቅባት ነበር።

ያ መጽሐፍ ሲጨመቅ ሁለት ነገር ነው የሚለው። ማሽኑ በፋብሪካው ጥፋት ከተበላሸ ፋብሪካው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይጠግናል፣ ካልሆነም ይለውጣል። ባለቤቱ የራሱን ድርሻ ካልተወጣ ግን ይኼ ቃል ይፈርሳል። የባለቤቱ ድርሻ ደግሞ ብዙ ነው። ማታ ማታ የአየር ማጣሪያውን ማራገፍ አለ፣ ሰንሰለቱን ማጥበቅ አለ፣ ሞተሩን በራስ እጅ አለመክፈት አለ። ከሁሉም በላይ ቤንዚኑን ከራሱ ቀይ ዘይት ጋር አደባልቆ ማጠጣት አለ፤ ቤንዚን ብቻውን ከገባበት ሞተሩ ውስጥ ብረት ከብረት ይፋተግና በደቂቃዎች ውስጥ ነክሶ ይቀራል። ራዚያ ይኼን ሁሉ አንድም ሳታጓድል ትጠብቅ ነበር። ማሽኗን ከሪታጅ ጫማ አስበልጣ ታጸዳለች እያሉ እመት ሀውራ ያሽሟጥጧታል።

አንዲት መስመር ብቻ አንብባት አልፋለች። «ማሽኑን ላላስተማርከው ሰው አትስጥ፤ ለሚነካው ሰው ሁሉ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው» ትላለች መስመሯ። ራዚያ ማስተማር የሚባለውን ነገር አልወደደችውም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ቤንዚኑን የምታደባልቀው ጓሮ ገብታ፣ በር ዘግታ ነው፤ እናቷ እንኳ አያውቁም። ነገሩ ይኼን ያህል ቀላል መሆኑ ከታወቀ ነገ ያገሩ ጎረምሳ ሁሉ መጋዝ ገዝቶ ይነሣብኛል ብላ ፈርታ ነው። አልፈርድባትም። ሰባት ዓመት ከልጇ ተለይታ የገዛችው እንጀራ ነው።

ከራዚያ በፊት ያገሩ ግንድ ጣይ አያ አሻግሬ ነበሩ። ወንዱ ከሚባል ወዳጃቸው ጋር የሁለት ሰው መጋዝ ግራና ቀኝ ይዘው ሠላሳ ዓመት ስበዋል። ወንዱ ሞተ፣ የመጋዙን ሌላ እጀታ የሚይዝ ሰው ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ የራዚያ ሞተር መጣ፣ እሳቸውም መጋዛቸውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ቂም ይይዙባታል ተብሎ ነበር። ይዘው ከሆነም አላሳዩም። አንድ ቀን ዛፍ ስትጥል መጥተው ጉቶ ላይ ተቀመጡና ሲያዩዋት ዋሉ። ገመዱ እንዴት እንደሚሳብ፣ እግሯን የት እንደምታቆም፣ ሁሉን አዩ። አመሻሹ ላይ ዕቃዋን ስትሰበስብ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ምን ይጠጣል?»

ራዚያ ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም። «ቤንዚን ነዋ አያ አሻግሬ! ሌላ ምን ይጠጣል?»

ሳቁ። «እሱስ እውነትሽን ነው፣ ጠላ አይጠጣ!» ብለው ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እሷ ግን ያን ቀን ወለም ማለቱንም አላወቀችው።

ሐምሌ ላይ የአያ አሻግሬ ሚስት እመት አሰገደች አረፉ። ባገራችን ቅሬ የሚባል ነገር አለ፤ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። በእነራዚያ ቀበሌ እስላሙንም ክርስቲያኑንም ባንድ ያቀፈ ቅሬ ነው ያለው። ደንቡ ቁርጥ ያለ ነው፤ ሰው ሲሞት ለቀብር የሚያስፈልግ ዕቃ ባለቤቱ ኖረም አልኖረም ከማንም ቤት ይወጣል። የከለከለ ሰው የራሱን ሬሳ ማን ሊያነሣለት ነው?

የዚያን ዕለት ራዚያ ሰንሰለት ልትገዛ ደሴ ሄዳለች። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ባህር ዛፍ ገንድሶ ጥሎታል። ባንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ጎርፍ ነው፤ ሬሳ የተሸከሙ ሰዎች ዝናብ ላይ ቆመው ቀሩ። መጥረቢያ ቢሉ ቀኑን ሊፈጅ ነው። የአያ አሻግሬ መጋዝ እንደሆነ ዝጎ ተሰቅሏል፤ ለመሞረዱ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። የቅሬው ዳኛ ሽታው ወደ ራዚያ ቤት ሰው ሰደደ። እመት ሀውራ «ለቀብርማ አይከለከልም!» ብለው ማሽኑን በእጃቸው አውጥተው ሰጡ። አደራውን እንዲህ አድርጋችሁ ያዙ የሚል ሰው አልነበረም፤ የሚያውቅ የለማ።

ማሽኑን ራሳቸው አያ አሻግሬ ያዙት። «ሚስቴን እኔው አሳልፋታለሁ» አሉ። ገመዱን ሳቡ፣ ተነሣላቸው። ግንዱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ነዳጁ አለቀ። አያ አሻግሬ አልደነገጡም። ማሽኑ ምን እንደሚጠጣ ባለቤቷ ነግራቸዋለች! ከባጃጅ ላይ በሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን አስቀድተው ሞሉት። ግንዱ ተቆረጠ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ ሬሳውም አለፈ። የቀረውን ቅርንጫፍ ሊያነሡ ሲሉ ማሽኑ አንዴ እሪ ብሎ ጮኸና ቀጥ አለ። ዳግመኛ አልተነሣም።

ራዚያ ስትመለስ ማሽኗ ታጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጠበቃት። ገመዱን ሳበች፤ እንደ ድንጋይ እምቢ አላት። የነዳጁን ክዳን ከፍታ አየች። የሷ ድብልቅ ቀላ ያለ ነው፤ ይኼ ግን ውሃ የመሰለ ቤንዚን ነው። እናቷ የሆነውን ነገሯት።

«ማን ነው የሞላው?»

«አሻግሬ ነዋ። ምን ያድርግ፣ ሚስቱ እኮ ናት።»

«ምን ያድርግ? ልጄን ያስጥለኝ!» አለችና እናቷ ላይ ጮኸች። በሕይወቷ እናቷ ላይ ጮኻ አታውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ከሞተ ሌላ የምትገዛበት የላትም። በዚያው ሳምንት ጂዳ የላካት ያ የድሮው ደላላ ደውሎ፣ «ሪያድ ጥሩ ቤት ተገኝቷል፣ ፓስፖርትሽ አልተቃጠለም አይደል?» ብሏታል። «አስቤ ልንገርህ» አለችው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስልኩን ጆሮው ላይ ነበር የምትዘጋው። ሪታጅ እማ ካለቻት ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። የቀረው ተስፋ ዓመቱ ያልሞላው ጋራንቲው ነው፤ ጋራንቲው ደግሞ ዘይት የሌለበት ንጹሕ ቤንዚን የጠጣ ሞተር አይቀበልም። ስለዚህ ምን አደረገች? ቤንዚኑን ደፋችና በምትኩ የራሷን ቀይ ድብልቅ ሞላችበት። ከዚያ ማሽኑን አቅፋ በጠዋት ሚኒባስ ደሴ ገባች። መንገዱን ሙሉ አንድ ዱዓ እንኳ ከአፏ አልወጣም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

የሱቁ ጠጋኝ ዑበይዱላህ ይባላል፤ ጢሙን ያሳደገ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ፈቶ በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ አየ። «ፒስተኑ ተፋፍቋል። ነክሷል» አለ። «ዘይት ያልደረሰው ነው የሚመስለው።» ቀጥሎ የነዳጁን ክዳን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ጣቱን ነከር አድርጎ አየ።

«ድብልቁ ደህና ነው። ማጣሪያሽም ንጹሕ፣ ሰንሰለትሽም ልክ። ማሻአላህ፣ እንዲህ አድርጎ የያዘ ሰው አይቼ አላውቅም። እንግዲህ የፋብሪካው ጣጣ ይሆናላ! አብሽሪ እህቴ፣ አዲስ ሞተር ይመጣልሻል። እዚህ ላይ ምልክት አድርገሽ ፈርሚ።»

ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር አለ። የተደባለቀ ቤንዚን ብቻ ተጠቅሜያለሁ ይላል አንደኛው፤ ምልክት አደረገች። ሞተሩን ራሴ አልከፈትሁም ይላል ሌላው፤ እሱ እውነት ነው። የመጨረሻው «ማሽኑን የነካውን ሰው ሁሉ አስተምሬያለሁ» ይላል። እዚህ ላይ እስክሪብቶው ቆመ።

ትዝ ያላት ነገር የሆነው ጂዳ በገባች በመጀመሪያው ዓመት ነው። መታጠቢያ ቤቱን እንድታጸዳ ሁለት ጠርሙስ ተሰጣት፤ ጽሑፉ በፈረንጅኛ ነው። «መዳም፣ ይኼ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። መዳም ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «ሳሙና ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል?» አለቻት። ሁለቱን ባንድ ባልዲ ቀላቀለቻቸው። ከዚያ ጭሱ ጉሮሮዋን ያዛት፣ ዓይኗ ተጋረደ፣ በደረቷ እየዳኸች ወጣች። ዕቃ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ተኝታ ስታስል መዳም ለጎረቤቷ የምትለውን ሰማች። «እነዚህ ሰዎች ጅል ናቸው፣ ሳሙና እንኳ አያውቁም።» ራዚያ ጂዳ ብዙ ነገር ችላለች፤ ይኼን ግን እስከ ዛሬ አልቻለችውም። ያወቁትን ነገር ነፍገው፣ ባለማወቋ የሳቁባትን።

ቤንዚን ነዋ! ሌላ ምን ይጠጣል?

«ያ ረቢ» አለች ድምፅ አውጥታ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው?» አለ ዑበይዱላህ።

«ወንድሜ፣ ውስጡ ያለውን ነዳጅ የቀየርሁት እኔ ነኝ። የነከሰው በንጹሕ ቤንዚን ነው። የሞላውን ሰውዬ ደግሞ ቤንዚን ብቻ ነው የሚጠጣው ያልኩት እኔው ነኝ።»

ዑበይዱላህ ግራና ቀኙን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ አሁን ይኼን ማን ጠየቀሽ? ፋብሪካው እንደሆን አያውቅሽ አታውቂው!»

«ፋብሪካውን መዋሸት አቅቶኝ መሰለህ? እስካሁን ስዋሸው አልነበር! ይቺን መስመር ነው ያልቻልኳት።»

ዑበይዱላህ አያት። ከዚያ ራሱን ነቅንቆ ወረቀቱ ላይ ዋስትናው ፈርሷል የሚለውን ማኅተም መታ። ማሽኑን ግን ራሱ ጠቅልሎ እስከ መናኸሪያ ተሸከመላት።

ቤቷ ስትደርስ ደጃፏ ላይ አያ አሻግሬ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። አጠገባቸው የቅሬው ዳኛ ሽታው አለ። አጥሩ ላይ ደግሞ አንድ ቀይ በሬ ታስሯል።

«ሽታው ይስማ» አሉ አያ አሻግሬ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። «ማሽንሽን የገደልሁት እኔ ነኝ። ቅሬው አይደለም፣ እኔ ነኝ። ያለኝ በሬ ይኼ ነው፣ ውሰጂው።»

ራዚያ ደፉ ላይ ተቀመጠች። «አያ አሻግሬ፣ ያኔ ምን ይጠጣል ብለው ጠየቁኝ። ምን አልኩዎት?»

«ቤንዚን አልሽኝ።»

«ዋሸሁዎት። ዘይት ይደባለቅበታል። እንዳያውቁብኝ ብዬ ነው። ማሽኑን የገደልሁት እኔ ነኝ፣ አንቱ አይደሉም። በሬዎን ይዘው ይሂዱ። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

አያ አሻግሬ ደህና አድርገው አዩዋት። ይስቃሉ፣ ልጄ ይሉኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ፊታቸው ግን ጠቆረ።

«ስምንት ቀን!» አሉ። «ስምንት ቀን ሙሉ እህል ከጉሮሮዬ አልወረደም። ለአሰገደች ላለቅስ ቁጭ እላለሁ፣ የሚመጣብኝ የማሽንሽ ጩኸት ነው። የሰው ልጅ እንጀራ ገደልሁ እያልሁ ሚስቴን እንኳ ወግ ባለው ለቅሶ አላለቀስኩላት። ለቅሶዋን ነው የነጠቅሽኝ!» በሬያቸውን ፈቱና ዳገቱን ወጡ። ሽታው አንዴ ራዚያን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየና «አይዞሽ» ብሎ ተከተላቸው።

ራዚያ እዚያው ቀረች። ማሽኑም ጋራንቲውም ሰውየውም፣ ሁሉም ባንድ ቀን ሄደ። እውነት ተናግራ ቀለል ይለኛል ብላ ነበር፤ ምንም አልቀለላትም። እመት ሀውራ አጠገቧ ተቀምጠው ጀርባዋን አሻሿት። ያን ሌሊት ፓስፖርቷን ከሣጥን አውጥታ አየችው፤ መልሳም አልከተተችውም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አጥሩ ላይ ሳል ሰማች። አያ አሻግሬ ናቸው። ዓይናቸው አብጧል፤ በደንብ ያለቀሰ ሰው ዓይን ነው። ትከሻቸው ላይ ያ የሁለት ሰው መጋዝ አለ፤ ዝገቱ ተፍቆ፣ ጥርሱ አንድ ባንድ ተሞርዶ ያብረቀርቃል።

«አለቀስኩላት» አሉ። «ሁለት ቀን ሙሉ። አሁን ጨርሻለሁ።» መጋዙን ከትከሻቸው አወረዱ። «እስቲ እንደገና ልጠይቅሽ። ያ ማሽንሽ ምን ይጠጣል?»

ራዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። ጓሮ አልገባችም፣ በርም አልዘጋችም። እዚያው ደጃፍ ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ለአንድ ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሲኒ ቀይ ዘይት» አለች። «መጀመሪያ ይወዘወዛል፣ ከዚያ ይሞላል።»

«ለአንድ ሊትር ግማሽ ሲኒ» አሉ አያ አሻግሬ። «ይወዘወዛል፣ ከዚያ ይሞላል።» እንደ ተማሪ ሦስት ጊዜ ደገሙት። «ይሁና። ማሽኑ እስኪድን ድረስ ደግሞ ሐይቅ ዳር ጣውላ የሚፈልግ ሰው አለኝ። ጣውላ እንደዚህ መጋዝ አድርጎ የሚያወጣልሽ ሞተር የለም። ሌላውን እጀታ የሚይዝ አጥቼ ነው ሰቅዬው የኖርሁት። ያዥ!»

ያዘች። ደጃፏ ላይ በተጋደመ ግንድ ለመለማመድ ፊት ለፊት ቆሙ። መጀመሪያ ላይ አልሆነላትም፤ እሷ ትገፋለች፣ መጋዙ ይጎብጣል። «አትግፊ! መሳብ ብቻ፣ መግፋቱ የኔም ያንቺም ሥራ አይደለም። እኔ ስስብ አንቺ ልቀቂ» እያሉ ጮኹባት። ተሳደቡ፣ ሳቁ፣ እንደገና አስጀመሯት። ረፋዱ ላይ መጋዙ ድምፁን አገኘ፣ የእንጨቱ ዱቄትም እግራቸው ሥር መከመር ጀመረ።

ያኔ ነው ስልኳ የጠራው። በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ከፓስፖርቷ ጋር ትታው ነበር፤ ደላላው ነው። ራዚያ ሁለት እጇ መጋዙ ላይ ነው፣ ለቅቃ ብትሄድ መጋዙ ይነክሳል። በር ላይ የተቀመጠችው ሪታጅ አንሥታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ራዚያ የለችም እንዴ?» አለ ሰውዬው።

«እናቴ አለች» አለች ሪታጅ። «ሥራ ላይ ናት።»